የኮንዶሚኒየም ቤት ለሚያከራዩ ባለቤቶች፦ በገላንና በአካባቢው ውል ከመፈረምዎ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የገላን ኮንዶሚኒየም ቤት የደረሳቸው ሁሉ በደረሳቸው ቤት ውስጥ አይኖሩም። አንዳንዱ የሥራ ቦታው በከተማዋ ሌላ ጫፍ በመሆኑ፣ አንዳንዱ ልጆቹን ከለመዱት ትምህርት ቤት ማንሳት ስላልፈለገ፣ ሌላው ደግሞ ኑሮው በውጭ አገር በመሆኑ ቤቱን ያከራያል። ለብዙዎቹ የኪራዩ ገንዘብ ትርፍ ሀብት አይደለም፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር በየወሩ የሚከፈልበት፣ ወይም የጡረታ አበል የሚደጎምበት ገቢ ነው። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው አንድ ወይም ሁለት ቤት ለሚያከራዩ እንዲህ ላሉ ባለቤቶች ነው። ትልልቅ የሪል ስቴት ድርጅቶች የራሳቸው የሕግ ክፍልና የሒሳብ ባለሙያ አላቸው፤ የአንድ መኝታ ቤት ባለቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመክረው ደላላና ጎረቤት ነው።

የቤት ኪራይ ግንኙነት ለረዥም ዘመን የተመራው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ነበር። በአዲስ አበባ በ2013 ዓ.ም. የኪራይ ዋጋ መጨመርንና ተከራይ ማስወጣትን ለሦስት ወራት የሚከለክል ውሳኔ ወጥቶ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ሲያጸድቅ ደግሞ ጊዜያዊ የነበረው ቁጥጥር ቋሚ መልክ ያዘ። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በተፈረመ በ30 ቀናት ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። የኪራይ ጭማሪ የሚደረገውም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው የጭማሪ መጠን መሠረት ነው። ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም።

እነዚህ ድንጋጌዎች በብዛት የሚነገሩት ከተከራይ ጥቅም አንጻር ነው። ለአነስተኛ አከራይ ያላቸው ትርጉም ግን በቂ ማብራሪያ ያገኘ አይመስልም። ብዙ አከራዮች የሚጎዱትም የሕጉን ዝርዝር ባለማወቅ ሳይሆን፣ በምዝገባው ዕለት በአንድ ቁጥር ላይ በሚፈጽሙት ስሕተት ነው።

የመጀመሪያው የተመዘገበ ዋጋ

በተግባር እንደሚታየው አንዳንድ አከራዮች ከተከራይ ጋር በአንድ ዋጋ ተስማምተው በውሉ ላይ ሌላ፣ ዝቅ ያለ ዋጋ ይጽፋሉ። ምክንያታቸው ግብር ለመቀነስ ነው። ቀሪው ገንዘብ በእጅ ይሰጣል፤ ተከራዩም ቤቱን ላለማጣት ሲል ይስማማል። ይህ ሕገወጥ መሆኑ ግልጽ ነው። እዚህ ላይ ለማስረዳት የምንፈልገው ግን ሕገወጥነቱን ብቻ አይደለም፤ አከራዩ ራሱን በራሱ እንዴት እንደሚያስር ጭምር ነው።

ለማሳያ ያህል ስምምነቱ በወር 12,000 ብር፣ የተመዘገበው ደግሞ 7,000 ብር ነው እንበል። የሚፈቀደው ጭማሪ የሚሰላው በተመዘገበው 7,000 ብር ላይ ነው። የጭማሪው መጠን 10 በመቶ ቢሆን አከራዩ በሕግ ሊጠይቅ የሚችለው 7,700 ብር ይሆናል። ዋጋው በትክክል ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ በዚያው መጠን 13,200 ብር ይደርስ ነበር። በመጀመሪያ ቀን የተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር በየዓመቱ እየተከተለው ይሄዳል ማለት ነው። ተከራዩ የሦስት ወር ኪራይ ሳይከፍል ቢቀርና ጉዳዩ ወደ ክስ ቢያመራም በጽሑፍ የሚረጋገጠው ዕዳ 21,000 ብር እንጂ 36,000 ብር አይደለም። በእጅ ይሰጥ የነበረው 5,000 ብር ደረሰኝም፣ የባንክ ማስረጃም የለውም። ተከራዩ በውሉ ከተጻፈው በላይ አልከፍልም ካለ ደግሞ አከራዩ የሚያቀርበው ሰነድ የራሱን ቃል የሚያፈርስ ይሆናል።

ከዚህ ሌላ ክፍያው በባንክ እንዲያልፍ የተደነገገ በመሆኑ በሒሳብ መዝገቡ ላይ የሚታየው ገቢና የተመዘገበው ውል ካልተጣጣሙ ልዩነቱ ለገቢዎች ቢሮ ጥያቄ በር ይከፍታል። በአጭሩ፣ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ለአንድ ዓመት ግብር ሲባል የቤቱን የወደፊት ገቢ መሸጥ ነው።

ስለዚህ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት የሚያስመዘግቡትን ዋጋ በጥንቃቄ ይወስኑ። በዚያው ብሎክ ወይም በአጎራባች ብሎኮች ያሉ፣ ተመሳሳይ የመኝታ ክፍል ቁጥርና ፎቅ ያላቸው ቤቶች ስንት እንደተከራዩ ከሦስት ወይም ከአራት ባለቤቶች ይጠይቁ። የጋራ ሕንጻው ማኅበር ኮሚቴ አባላት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያውቃሉ። ደላላ የሚጠራውን ዋጋ ብቻ መነሻ ማድረግ አይመከርም፤ የደላላው ጥቅም በውሉ መፈጸም ላይ እንጂ በውሉ መዝለቅ ላይ አይደለም።

ከፍ ያለ ዋጋ ወይስ ቶሎ የሚገባ ተከራይ

ዋጋ ሲወሰን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቤቱ ባዶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ቤቱን በ12,000 ብር ዛሬ የሚከራይ ሰው እያለ 13,000 ብር የሚከፍል ተከራይ ለመጠበቅ ሁለት ወር ባዶ ያቆየ አከራይ 24,000 ብር አጥቷል። የፈለገውን ተከራይ አግኝቶ የሁለት ዓመት ውል ቢፈራረም በየወሩ የሚያገኘው ተጨማሪ 1,000 ብር በ24 ወራት 24,000 ብር ይሆናል። ከሁለት ዓመት ጥበቃ በኋላ የሚደርሰው መጀመሪያ በነበረበት ቦታ ነው። በእነዚያ ሁለት ወራት የብድር ክፍያውና የጥበቃ መዋጮው እንዳልተቋረጡ ከታሰበ ደግሞ ከነበረበትም በታች ነው። ተከራይ በተለወጠ ቁጥር ለቀለም፣ ለቁልፍና ለደላላ የሚወጣው ወጪ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ይህ ማለት በተገኘው ዋጋ ሁሉ ማከራየት ይገባል ማለት አይደለም። ከላይ እንደተገለጸው የመጀመሪያው ዋጋ ረዥም ዕድሜ አለው። የአንድ ሳምንት ወይም የአሥር ቀን ጥበቃ ግን ከሁለት ወር ጥበቃ የተለየ ነው፤ ልዩነቱን በወረቀት ላይ አስልቶ መወሰን ይቻላል።

በገላን ቤት የሚፈልገው ማን እንደሆነ ማወቅም ይጠቅማል። አቃቂ ቃሊቲ የከተማዋ ነባር የኢንዱስትሪ አካባቢ ነው። የፋብሪካዎችና የመጋዘኖች ሠራተኞች፣ በቂሊንጦ የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ሰዎች፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ሠራተኞች፣ ከቱሉ ዲምቱ በሚነሳው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ወደ ዱከምና ቢሾፍቱ የሚመላለሱ ባለሙያዎች በዚህ አካባቢ ቤት የሚፈልጉ ናቸው። እነዚህ ተከራዮች ፍላጎታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ሌሊት ሲመለስ የሚከፈት የግቢ በር ይፈልጋል። ልጆች ያሉት ቤተሰብ የውኃውን ፈረቃ ይጠይቃል። ሁለትና ሦስት ሆነው ቤት የሚጋሩ ወጣት ሠራተኞች ደግሞ ዋጋውን ተካፍለው ስለሚከፍሉ የተሻለ ዋጋ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ነገር ግን ውሉ ከአንዱ ጋር ብቻ ተፈርሞ እርሱ ቢለቅ የቀሩት በምን መብት ይቆያሉ የሚለው ጥያቄ ይነሳል። በዚህ ጊዜ ሁሉም በውሉ ላይ ስማቸው ሰፍሮ ቢፈርሙ፣ ለኪራዩም በአንድነትና በነጠላ ኃላፊነት ቢወስዱ ይመረጣል።

ለመፈራረም ሥልጣን ያለው ማን ነው?

ውል የሚፈርመው ሰው ለመፈረም የሚያስችል መብት ሊኖረው ይገባል። ይህ ቀላል ቢመስልም በኮንዶሚኒየም ቤቶች ላይ ብዙ ክርክር የሚነሳበት ነጥብ ነው።

ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ የካርታው ስም በአንዳቸው ብቻ ቢሆንም ሁለቱም ሊስማሙ ይገባል። በአዲስ አበባ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በአንቀጽ 68 የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ከሚጠይቁ ተግባራት መካከል የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ማከራየትን አካትቷል። ብዙ ሰው ይህን የሚያያይዘው ከሽያጭ ጋር ብቻ ነው። ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ መደረጉን ካወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ በማንኛውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው ሊጠይቅ ይችላል። የሁለት ዓመት የኪራይ ውል ሙሉ ዘመኑን በዚህ ስጋት ውስጥ ሊያሳልፍ ይችላል ማለት ነው። በአንድ ፊርማ የሚቀር ስጋት ነው።

ባለቤቱ በውጭ አገር ወይም በክፍለ ሀገር የሚኖር ከሆነ በወኪል ማከራየት ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየትን፣ ዕዳ መሰብሰብንና ንብረት መጠበቅን ከአስተዳደር ሥራዎች ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው የሁለት ዓመት የኪራይ ውል መፈረም ይችላል፤ ቤቱን ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ባለቤቶች ለኪራይ ብቻ ብለው ለወንድም ወይም ለእኅት የመሸጥ ሥልጣን ጨምረው የሚሰጡበት ልማድ አለ። አስፈላጊ አይደለም። ውክልናው ለሚፈለገው ሥራ ብቻ ቢሆን ቤተሰቡንም ከኋላ ጭቅጭቅ ያድነዋል። በውጭ አገር የሚዘጋጅ ውክልና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ከተረጋገጠ በኋላ በአገር ውስጥ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ ስላለበት ተከራይ ከመፈለግ በፊት ቢጠናቀቅ ጊዜ ይቆጥባል።

ለማከራየት ብለው ሁለተኛ ቤት ለመግዛት ያሰቡ ሰዎች ደግሞ አንድ ጉዳይ አጥብቀው ሊመረምሩ ይገባል። ከመንግሥት በዕጣ የተላለፉ ቤቶች ከአምስት ዓመት በፊት በሽያጭ እንዳይተላለፉ ገደብ ተጥሎባቸው ስለነበር፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ ቤቶች በውክልና ስም ተሸጠዋል። ገዥው ገንዘቡን ከፍሎ በእጁ የቀረው የውክልና ሰነድ ብቻ ነው። ውክልና ግን ባለቤትነት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል፤ ወካዩ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል። ዓመታትን ኪራይ ሲሰበስብ የኖረ ሰው አንድ ቀን ከወራሾች ጋር ሊፋጠጥ ይችላል። ገደቡ ያለፈበት ቤት ከሆነ የስም ዝውውሩ ተፈጽሞ ካርታው በእጅ እስኪገባ ድረስ ሙሉ ክፍያ መፈጸም አይመከርም። በቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ዕግድ አለመኖሩም አስቀድሞ መጣራት አለበት።

ገላን የሚለው ስም በአዲስ አበባ ውስጥ ብቻ የሚጠራ አለመሆኑንም እናስታውሳለን። በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ አካባቢ በጉርብትና ይገኛል። ውል የሚመዘገበውም ሆነ ግብር የሚከፈለው ቤቱ በሚገኝበት አስተዳደር ስለሆነ፣ በተለይ ገዢዎች በካርታው ላይ የሰፈረውን ክፍለ ከተማና ወረዳ ከስሙ አስቀድመው ይመልከቱ።

ውሉና ርክክቡ

ወረዳው የሚጠቀምበት የውል ቅጽ የግዴታ ነጥቦችን ይዟል። ነገር ግን በገላን ዓይነት መንደር አከራይንና ተከራይን የሚያጣላው ብዙ ጊዜ በቅጹ ላይ ያለው ሳይሆን የሌለው ነው። የጥበቃና የጽዳት መዋጮ የማን ነው? የውኃ ቆጣሪው ሲበላሽ ማን ያስጠግናል? መታጠቢያ ቤቱ ወደ ታችኛው ቤት ቢያፈስስ ወጪውን ማን ይሸፍናል? ተከራዩ ዘመድ ተቀብሎ ለወራት ቢያኖር ወይም አንዱን ክፍል ለሌላ ሰው ቢያከራይ ምን ይሆናል? እነዚህን በተጨማሪ አንቀጽ ማስፈር ይቻላል። በቃል የተነገረ ስምምነት በስድስተኛው ወር ሁለት መልክ ይኖረዋል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጥቃቅን እድሳቶችን በተከራይ፣ ሌሎችን ደግሞ በአከራይ ላይ ይጥላል። በዕድሜና በአግባቡ በመገልገል ለደረሰ ጉዳት ተከራይ አይጠየቅም። የጠቆረ የኩሽና ግድግዳ፣ የላላ የበር እጀታ፣ የደበዘዘ ቀለም ከዚህ ይመደባሉ። የተሰበረ መስኮት ወይም የተነቀለ የመታጠቢያ ገንዳ ግን የተለየ ነው። ልዩነቱን ለማስረዳት የሚቻለው ቤቱ ሲሰጥ የነበረበት ሁኔታ በጽሑፍ ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ በርክክቡ ዕለት ሁለቱ ወገኖች አብረው ክፍል በክፍል ይመልከቱ፤ በስልክ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ንባብ፣ የቁልፎቹን ብዛት በአንድ ገጽ ጽፈው ይፈራረሙ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

የመብራት ቆጣሪው የካርድ ከሆነ ካርዱ ከነቀሪ ሒሳቡ ለተከራይ ይሰጣል፤ ድኅረ ክፍያ ከሆነ ግን ያልተከፈለ ዕዳ በደንበኝነት በተመዘገበው ባለቤት ስም ይቆያል። የውኃ ሒሳብም እንዲሁ ነው። በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ የክፍያ ማስረጃውን መጠየቅ ተከራይን መጠራጠር ተደርጎ መታየት የለበትም። በአንጻሩ ባለቤቱ በየሳምንቱ ወደ ቤቱ ብቅ እያለ ግድግዳና ወለል መመርመሩ ተገቢ አይደለም። ቤቱ ከተከራየ በኋላ የተከራዩ መኖሪያ ነው፤ ለጥገና ወይም ለቁጥጥር ለመግባት አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል።

የተከራዩን የነዋሪነት ወይም የፋይዳ መታወቂያ ቅጂ፣ የሥራ ቦታውንና በአስቸኳይ ጊዜ የሚጠራ ሰው ስልክ ይያዙ። ተከራዩም በበኩሉ የአከራዩን መታወቂያና የቤቱን የባለቤትነት ማስረጃ የማየት መብት አለው፤ ይህን ሲጠይቅ ቅር መሰኘት አይገባም። ባለቤት ነኝ ባይ ሰው ከአንድ ቤት በላይ ቅድመ ክፍያ ሰብስቦ የሚጠፋበት አጋጣሚ ስላለ ጠንቃቃ ተከራይ ጥሩ ተከራይ ነው።

ውኃ፣ ፎቅ እና ማኅበር

ስለ ገላን ኮንዶሚኒየም ተነስቶ ስለ ውኃ ሳይነሳ አይታለፍም። በከተማዋ ዳርቻ ባሉ የጋራ መኖሪያ መንደሮች ውኃ በፈረቃ የሚደርስ በመሆኑና ግፊቱ የላይኛው ፎቅ ለመድረስ ስለማይበቃ ነዋሪው በጀሪካን ከታች ወደ ላይ የሚያመላልስበት ጊዜ ብዙ ነው። ከአራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት በኪራይ ዋጋው ዝቅ የሚለው በደረጃው ምክንያት ብቻ አይደለም። በቤቱ ውስጥ ሁለትና ሦስት መቶ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ማስቀመጥና ከቧንቧው ጋር ማገናኘት ለአከራይ ከሚያዋጡ ወጪዎች የመጀመሪያው ነው ማለት ይቻላል። የቤቱን ግድግዳ በጌጥ ቀለም ከማስዋብ ይልቅ ለዚህ ወጪ ቅድሚያ መስጠት ቤቱ ባዶ የሚቆይበትን ጊዜ ያሳጥራል። ሮቶው የሚቀመጥበት ቦታ ግን ክብደቱን የሚሸከም መሆኑን ባለሙያ ቢያየው መልካም ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና ሦስት መቶ ሊትር በበረንዳ ጫፍ ላይ የሚጣል ሸክም አይደለም። በደረጃ ወይም በጋራ ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ የማኅበሩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ምክንያቱም የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 በተናጠል የተያዘውን ቤትና የጋራ የሆነውን ክፍል ለይቶ ያስቀምጣል። ደረጃ፣ ኮሪደር፣ ጣሪያ፣ የውጭ ግድግዳና ግቢ የሁሉም ባለቤቶች ናቸው። አንድ ባለቤት ቤቱን በተሻለ ዋጋ ለማከራየት ብሎ በረንዳውን ወደ ኮሪደር ቢያሰፋ ወይም ሸክም የሚችል ግድግዳ ቢያፈርስ ጉዳቱ የራሱ ብቻ አይሆንም። የክፍል መከፋፈያ የሆነውን ብሎኬት ለማንሳትም ቢሆን የግንባታ ፈቃድ ከሚሰጠው አካል መጠየቅ ይገባል።

ማኅበሩ የሚያውቀው ባለቤቱን ነው። መዋጮ ባይከፈል፣ ተከራዩ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ቢጥስ ጥያቄው ወደ ባለቤቱ ይመጣል። ስለዚህ የደንቡን ቅጂ ለተከራይ መስጠት፣ የተከራዩን ስምና ስልክ ለኮሚቴው ማስታወቅ፣ ራስዎም በጠቅላላ ጉባኤ መገኘት ይጠቅማል። ባለቤቶች በማይገኙበት ስብሰባ የውኃ ፓምፕ መግዣ መዋጮ አይጸድቅም፤ ፓምፕ የሌለው ብሎክ ደግሞ ተከራይ ይሸሸዋል።

ግብር

የኪራይ ገቢ ግብር የሚጣለው በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» መሠረት ሲሆን፣ አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሏል። ምጣኔው ገቢ ባደገ ቁጥር ከፍ እያለ ይሄዳል። ጎረቤትዎ ከጥቂት ዓመታት በፊት የከፈሉትን መጠን ይዘው አያስሉ፤ የማሻሻያው ምጣኔ ቤቱ ባለበት ወረዳ ከሚገኘው የገቢዎች ቢሮ ቅርንጫፍ ይገኛል።

ለአነስተኛ አከራይ የሚጠቅመው ነጥብ ግብር የሚሰላው ከጠቅላላው ኪራይ ላይ አለመሆኑ ነው። የሒሳብ መዝገብ የማይዝ ግብር ከፋይ ሕጉ ያስቀመጠው የመቶኛ ተቀናሽ ይያዝለታል። መዝገብ የሚይዝ ደግሞ ለጥገና፣ ለብድር ወለድ፣ ለመድን የከፈለውን በማስረጃ ማስቀነስ ይችላል። ብድራቸውን ገና በመክፈል ላይ ያሉ፣ በዓመቱ ውስጥም ትልቅ ጥገና ያደረጉ ባለቤቶች ሁለቱን መንገዶች አስልተው ማነጻጸር ይኖርባቸዋል። ለዚህም የቧንቧ ሠራተኛውም ሆነ የቀለም መሸጫው ሕጋዊ ደረሰኝ እንዲሰጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል፤ መዝገብ የማይዙ ግብር ከፋዮች ሰልፍ በሚበዛበት የሐምሌ የመጨረሻ ሳምንት ከመሄድ በወሩ መጀመሪያ ቢቀርቡ አገልግሎቱን ያለ እንግልት ያገኛሉ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያላወጣ ባለቤት ይህን ከኪራይ ውሉ ምዝገባ ጋር አያይዞ ቢጨርስ ይሻላል።

ለግብሩ የሚሆነውን ገንዘብ ከየወሩ ኪራይ ቀንሶ በተለየ ሒሳብ ማስቀመጥ፣ በዚያው ሒሳብ ውስጥም የሁለት ወር የብድር ክፍያ የሚሸፍን መጠባበቂያ መያዝ አንድ ቤት ብቻ ላለው አከራይ ከማናቸውም መድን ይቀድማል። ሁለተኛ ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰውም ይህን መጠባበቂያ ለሁለቱም ቤቶች መያዝ የማይችል ከሆነ ግዢውን ቢያዘገይ ይመከራል።

አለመግባባት ሲፈጠር

ተከራይ ኪራይ ሲያዘገይ የመጀመሪያው እርምጃ የጽሑፍ ማስታወሻ ነው። በስልክ የሚላክ አጭር መልእክትም ቀኑንና መጠኑን ከገለጸ ይጠቅማል። አዋጁ የኪራይ ክፍያ አለመፈጸምን ጨምሮ ውል ያለ ማስጠንቀቂያ የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶች፣ እንዲሁም ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ የሚቋረጥባቸውን ሁኔታዎች ለይቶ አስቀምጧል። ጉዳይዎ ከየትኛው እንደሚመደብ ውሉ በተመዘገበበት ወረዳ ያሉ ባለሙያዎች ያስረዱዎታል። ያልተመዘገበ ውል ይዞ መቅረብ ግን ጉዳዩን ከማስረዳት በፊት ለራስ ጥፋት መልስ መስጠትን ይጠይቃል፤ አዋጁ ውል አለማስመዝገብን በገንዘብ ይቀጣልና።

መብራት መቁረጥ፣ የበር ቁልፍ መቀየር፣ ዕቃ ወደ ኮሪደር ማውጣት በማናቸውም ሁኔታ የአከራይ መብት አይደሉም። ኪራይ ያልተከፈለው አከራይ ከሳሽ ነው፤ ቁልፍ የቀየረ አከራይ ግን በዚያው ሰዓት ተከሳሽ ይሆናል፤ ጠፋ ለሚባለው ዕቃም ኃላፊነቱ በእርሱ ላይ ይወድቃል። በጎረቤት ሽማግሌ ወይም በማኅበሩ ኮሚቴ ፊት መነጋገር ብዙ ጉዳዮችን በአንድ ምሽት ይጨርሳል፤ የተደረሰበት ስምምነት ግን ተጽፎ ይፈረምበት።

ተከራይ በሰላም ሲለቅ ደግሞ በገባበት ዕለት የተፈረመው የርክክብ ገጽ እንደገና ይወጣል። ቆጣሪዎቹ ይነበባሉ፣ ቁልፎቹ ይቆጠራሉ፣ ያልተከፈለ የውኃ፣ የመብራትና የመዋጮ ሒሳብ ይዘጋል፤ አገልግሎት ያላገኘ ቅድመ ክፍያ ካለ ይመለሳል። ውሉ መቋረጡም ለወረዳው መገለጽ አለበት። የቀድሞው ውል በመዝገብ ላይ እንደተከፈተ እያለ አዲስ ተከራይ ይዘው የሚመጡ ባለቤቶች ሳይስተናገዱ ሊመለሱ ይችላሉ። ለምዝገባ ሲመጡ ዋናውን የባለቤትነት ማስረጃ፣ የአከራይና የተከራይ መታወቂያ፣ የተፈረመውን ውል፣ በወኪል ከሆነ የተረጋገጠውን ውክልና ዋናውንና ቅጂውን ይዘው ይቅረቡ።